የሌለ ሰው ጥሪ

ኮርክ፣ አየርላንድ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ጋሼ አብዱናሲር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናንተ መራቄ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝ።

ስልክ ስደውልልዎ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ በይ ሒሳብሽ እንዳያልቅ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ልጽፍልዎ ቆርጫለሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለኑዕማን እልከዋለሁ፤ ልጅዎ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት መሆኑ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል? አትሞ ይሰጥዎታል፤ የእርስዎንም እንዲሁ ይልክልኛል።

ሥልጠናው ጥሩ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ከአዳሚ ቱሉ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወተት ሲፈላ፣ ሲረጋ፣ አይብ ሲሆን እያየሁ እውላለሁ። ያረፍኩት ሞራ በምትባል መበለት ቤት ነው። ከተማዋን ወንዝ መሐል ለመሐል ያቋርጣታል፤ ግራና ቀኝዋ ዳገት ነው። የሰዎቹ ንግግር ራሱ ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ ዋጋ ሲጠይቁ እንኳ የሚያንጎራጉሩ ይመስለኛል።

የገረመኝን ልንገርዎት። እዚህ አይመሽም! ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። መግሪብ ሰግጄ በመስኮት ስመለከት ሰው ገና ለባብሶ ከቤቱ ይወጣል። መንገዱ ሁሉ ሙዚቃ ነው። ሞራና የሥልጠናው ጓደኞቼ ዘፈን ወደሚዘፈንበት ቤት አብረሽን ካልወጣሽ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ቤቱ ደግሞ ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጠጥ ቤት ነው። እኔ ለስላሳ ነው የምጠጣው። ቢሆንም እርስዎን ሳልጠይቅ መግባት አልሆነልኝም።

ልጅዎን አማልን ይሳሙልኝ። ሠርጓ ላይ አለመኖሬ ያንገበግበኛል። ዝግጅቱ ምን ደረሰ?

ልጅዎ ሀኒያ


አዳማ
ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ አደራ፣ ለልጄ ሀኒያ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ወጥተሽ ከምትገቢበት ያግባሽ። ደብዳቤሽ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ኑዕማን «መብራት የለም» ይለኛል፤ ለደንበኞቹ ግን ሲያትም አይቼዋለሁ።

ፈቃድ ጠየቅሽኝ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ የት እንዳልገባሁ ልንገርሽ? ግቢ። ጆሮ አይሰክርም። ሰላትሽን ጠብቂ፣ ብቻሽን አትመለሺ፣ ከዚያ ያየሽውን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እንደ ጋዜጣ ሳይሆን እንደ ሐሜት አድርገሽ ጻፊው።

አይመሽም ያልሽው ናዝሬትን አስታወሰኝ። እናንተ አዳማ በሉት፤ የኔ ወጣትነት የቀረው ናዝሬት ነው። እኛ ከአሰብ ስንመለስ ያ የቆላ ሙቀት አናታችን ላይ ፈልቶ ነበር የምንደርሰው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ይነሳና ከተማው ነፍስ ይዘራል። ሰው ምንጣፉን እየጎተተ ግቢ ይወጣል። ብርቱካንና ፓፓያ የሚሸጡት ሴቶች ኩራዛቸውን አብርተው ከባቡር ጣቢያው እስከ ፍራንኮ ሰፈር ይደረደራሉ። ጋሪዎቹ ቃጭላቸውን እያንቃጨሉ ሲያልፉ የኔ ረዳት የባለጋሪዎቹን ስም በቃጭላቸው ይለይ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ነው፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው ያለው። ጎረቤቱም በየቤቱ በሩን ዘግቶ ስልኩን ያያል። አንዳንድ ማታ በረንዳ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ እላለሁ።

ሠርጉ ነሐሴ 3 ቅዳሜ ነው። የሙሽራው የኡበይደላ ቤተሰቦች ከአርሲ ነገሌ በቀትር ይመጣሉ፤ ምሳ ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሙሽራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዘፈን አያስፈልግም ብያለሁ። ያለ እናቷ ምን ዘፈን አለ?

አጎትሽ አብዱናሲር


ኮርክ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱናሲር፣ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስዎ፣

ሐሜት ብለዋል፤ ሐሜቱ ይኸው።

ቅዳሜ መግሪብን ሰግጄ ወጣን። መንገዱ ላይ የሠርግ ጥድፊያ አለ፤ ሙሽራ ግን የለም። ወጣቶቹ በዚያ ብርድ ስስ ልብስ ለብሰው ይስቃሉ። አንዱ ጥግ ላይ ልጅ ጊታር ይዞ ይጫወታል፤ አሥር እርምጃ አልፎ ሌላው ዋሽንት ይነፋል፤ በየበሩ ስናልፍ ከየቤቱ ሌላ ሌላ ዜማ ይወጣል። የተጠበሰ ድንች ሽታ ከዝናብ ሽታ ጋር ተደባልቆ መንገዱን ሞልቶታል። የማላውቀው ሰው ሁሉ «እንዴት አመሸሽ» ይለኛል። አንዲት አሮጊት ሻሼን አይታ «ቀለሙ ሲያምር» ብላ እጄን ይዛ ቆመች፤ ስለ ልጅ ልጇም ነገረችኝ።

የገባንበት መጠጥ ቤት ጠባብ ነው፤ እንጨት በእንጨት። መድረክ የለውም። ዘፋኞቹ አንድ ጠረጴዛ ከበው እንደማንኛውም ሰው ተቀምጠዋል። አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ አኮርዲዮን፣ አንዷ ባለ አንድ ፊት ከበሮ ይዛለች። አጨብጭቡልን አይሉም፤ ለራሳቸው ነው የሚጫወቱት። እኔ የዝንጅብል ለስላሳዬን ይዤ ጥግ ላይ ተወተፍኩ።

ከዚያ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ። ባለቤቱ የውጪውን መብራት አጠፋ፤ መጋረጃ ሳበ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ጓ አድርጎ ወረወረው። ከወንበሬ ብድግ አልኩ! ሞራ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ወጉ ነው። ሽያጭ ያቆማል፤ ውስጥ የቀረው ሰው ግን የባለቤቱ የቤት እንግዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባም የለም። መሣሪያው ይቀመጥና ሰው በየተራ በባዶ ድምፁ ይዘፍናል።

ደንባቸውን ይስሙ። ዘፍኖ የጨረሰ ሰው ቀጣዩን በስሙ የመጥራት መብት አለው። የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። ድምፁ ቢያስጠላም ይሰሙታል። ዶናል የሚባል የወደብ ጡረተኛ ወደኔ ዞሮ ሊጠራኝ ሲል አንገቴን ይዤ ሳልኩ። የውሸት ሳል መሆኑ ስለገባው ጠቀሰኝና ሌላ ሰው ጠራ።

ያ መቀርቀሪያ ሲወረወር ግን ማንን እንዳስታወስኩ ያውቃሉ? የአማልን እናት፣ እትዬ ፋዲላን፣ አላህ ይርሐማት። ከጋሼ ጋር የተዋወቅነው በር ተዘግቶብን ባደርንበት ሠርግ ላይ ነው እያለች ትጀምርልን ነበር፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ግን ሳቅ ይይዛትና ወደ ጓዳ ትገባለች። ቀሪውን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሀኒያ


አዳማ
ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሀኒያ፣ ሰላምና ጤና ከበረካ ጋር ይብዛልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ለአማል አነበብኩላት፤ የሳልሽበት ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ቀሪውን እነሆ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ማደሪያው ጣቢያ ነው፤ ያውም ዕድለኛ ከሆነ። ስለዚህ ሠርግ የሄደ ሰው ወይ በጊዜ ይመለሳል፣ ወይ እስኪነጋ እዚያው ይዘጋበታል። የኔ ጓደኛ ማስረሻ የሚሉት ሾፌር ጎረቤቱ እህቱን ሲድር ጋበዘኝ። ሙሽራዋ የፋዲላ የአክስት ልጅ ኖራለች። ፋዲላ ከአቦምሳ ከነእናቷ መጥታለች።

ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ተቀረቀረ። መቶ የማያንስ ሰው በአንድ ግቢ! ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። ሌሊቱ የሚገፋው በዘፈን ነው፤ ዝም ካልን እንቅልፍ ይጥለናል፤ መተኛ ቦታ ደግሞ የለም። ያኔ ድምፅ ነበረኝ፤ ትዕቢትም ነበረኝ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦

በሩን ዘግታችሁ ቁልፉን ደብቁት፣
የመንጋቱን ወሬ ለእኔ አታውሩት።

ወንዱ ሁሉ ጮኸ፤ ጀግና ሆንኩ። ከሴቶቹ መሐል ፊቷ የማይታየኝ አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋን ምንም ከፍ ሳታደርግ፣ መለሰችልኝ፦

ቁልፉን ቢደብቁት ምን ያደርግልሃል፣
የሚሄድ ሰው ሁሉ ሲነጋ ይሄዳል።

ሴቱ እልል አለ፤ እኔ እንደ ተነፈሰ ጎማ ቁጭ አልኩ። እስኪነጋ ግጥም ስፈልግ አደርኩ፤ አላገኘሁም። በሩ ሲከፈት እናቷን ተከትላ ስትወጣ መልኳን አየሁት። በሳምንቱ አቦምሳ ጭነት አለኝ ብዬ ባዶ መኪና ነድቼ ሄድኩ። የኔን ስንኝ እናንተ ልጆች ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ መኪና ሳጥብም ስነዳም እለው ነበር። የሷን መልስ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንቺ የመጀመሪያዬ ነው።

ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። እሷም የሄደችው ሲነጋ ነው፤ ፈጅር ሰግጄ ስመለስ። ከዚያ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም፤ አፌ አይከፈትልኝም። አማል ምንም አትለኝም። ትናንት ግን ከጓዳ ለነኡበይደላ ቤት በስልክ «አባቴ ደክሞታል፣ ዘፈን አይወድም» ስትል ሰማኋት። ዘፈን አይወድም አለች፣ እኔን! ቢሆንም እንዳልኩት ነው።

አጎትሽ


ኮርክ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ አብዱናሲር፣ አላህ ልብዎን ያረጋጋልኝ፣

የምጽፈው ያስቆጣዎት ይሆናል፤ ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት።

ቅዳሜ እዚያው ቤት ገባን። በሩ ተቀረቀረ፣ ተራው ዞረ። ዶናል ዘፍኖ ሲጨርስ ጣቱን ቀሰረና «ሳሉ የለቀቃት ኢትዮጵያዊት» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። አፌን ስከፍት የወጣው የእርስዎ ስንኝ ነው፤ በሩን ዘግታችሁ ቁልፉን ደብቁት።

ጋሼ፣ አንድ ቃል አልገባቸውም። ደግሜ ስለው ግን ዜማውን ያዙት፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከሥር ያጉረመርሙልኝ ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የእርስዎ ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ፣ አማል ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ ከሶደሬ የምንመለስ መሰለኝ። እትዬ ፋዲላ ጋቢና ሆና ብርቱካን ልጣ ወደኋላ የምታቀብለን። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። የእሷን መልስ ግን አልዘፈንኩትም። የኔ አይደለም።

ስጨርስ «ማንን ትጠሪያለሽ?» አሉኝ፤ ጥሪው የኔ ነዋ። ሳላስበው «አጎቴን፣ አብዱናሲርን፣ አዳማ ያለውን» አልኩ። የሳቀ አልነበረም። ዶናል ስምዎን አጣሞ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዘፈን የሚያህል ጊዜ ዝም አለ። በኋላ ነገረኝ፦ እናቱ በባሕር ሄዶ ሳይመለስ የቀረውን ወንድሙን በየምሽቱ እንዲህ ትጠራው ነበር። በእነሱ ቤት የሌለ ሰው ሲጠራ ጥሪው አይወድቅም፤ ባለበት እስኪደርሰው ይቆያል።

እንግዲህ ደርሶዎታል። የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። የአማል ሠርግ ላይ ይዝፈኑ። ለኔ ብለው ሳይሆን ለሷ ብለው።

ልጅዎ ሀኒያ


ኮርክ
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣

መልስዎን ስጠብቅ ከረምኩ። ኑዕማን ደብዳቤውን በማግሥቱ እንደሰጠዎት ነግሮኛል። «አንብቦ አጥፎ ትራሱ ሥር አስገባው፤ ምንም አላለም» አለኝ። ከተቆጡ ይቆጡኝ። ዝምታዎን ግን አልቻልኩትም። ቅዳሜ እንውጣ ሲሉኝ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ሀኒያ


አዳማ
ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒያ፣

ሰላም ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ደህና ጥሏል።

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ያ ነገር የሁለት ሰው ነበር። አንዷ አፈር ገብታለች። አንደኛው ደግሞ ሳይጠየቅ ባሕር ማዶ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ምስጢሩ ወጣበት። ስለዚህ መልሱ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሠርጉ እንዳልኩት ነው የሚሆነው፤ ይህን ነገር ድጋሚ አታንሺብኝ።

ብርድ ይመታሻል፤ ደራርቢ። ቤት ውስጥም በእኔ ምክንያት አትቅሪ።

ያ የዶናል ወንድም እናቱ እንደምትጠራው ያውቅ ነበር ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አብዱናሲር


ኮርክ
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣ እጅዎን እስማለሁ፣

ያስከፋሁዎትን ይቅር ይበሉኝ። ሌላ አልጨምርም፤ የጠየቁኝን ብቻ ልመልስ። ዶናልን ጠየቅሁት። ብርጭቆውን ብዙ ጊዜ ሲያሽከረክር ቆየና «አያውቅም ነበር፤ የነገረው ሰው የለም» አለኝ።

ለአማል መብሩክ ይበሉልኝ።

ሀኒያ


አዳማ
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ሀኒያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን የምጽፍልሽ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ድምፄ ዘግቷል፣ ልቤ ግን ክፍት ነው። አልሐምዱ ሊላህ።

አሁን እኔ ልማልሽ። በቀትር ይመጣሉ ያልኳቸው ሰዎች አውቶብሳቸው መቂ ላይ ጎማ ፈነዳበት። መለዋወጫው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ! እኔ ሾፌሩ ብሆን በዚያ ጎማ ሰው አላሳፍርም ነበር። ሲደርሱ መግሪብ ሆኗል። ምሳው ራት ሆነ። በዚህ ጊዜ ደግሞ በማታ ሙሽራ ይዞ መንገድ የሚወጣ የለም፤ ሾፌሩም እምቢ አለ። ደግ አደረገ። እንግዲህ እዚሁ ያድራሉ። ኑዕማን የግቢውን በር ዘግቶ መቀርቀሪያውን ሲወረውር ጓ አለ። ሀኒያ፣ ያን ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ ሰማሁት።

እነሱ እንደኛ አልቀዘቀዙም። የሙሽራው አጎት ኦቦ ጫምሳ «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ ሰዎቹ!» ብሎ ተነሥቶ በኦሮምኛ ጀመረው፤ ወጣቶቹ ተቀበሉት፤ ጭብጨባው ጣራ ሊያነሣ። በእኛ ወገን አንድ ሰው አልመለሰም፤ ዘፈን አያስፈልግም ያልኳቸው እኔ ነኛ። ኦቦ ጫምሳ ቆም አለና «አብዱናሲር፣ በዚህ ቤት የሚመልስ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። በቀልድ ነው። አማል ግን ዓይነ ርግቧ ሥር አንገቷን ደፋች። ያን አየሁ።

አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ስሜን አጣሞ ሦስት ጊዜ ጠርቶኛል። የነገረኝም ሰው አለ። እኔ የዶናል ወንድም አይደለሁም፤ ሰምቻለሁ። ተነሣሁ።

በሩን ዘግታችሁ ቁልፉን ደብቁት። ድምፄ የአሮጌ ሞተር ሆኗል፤ መጀመሪያ አልነሣም ብሎ አንገራገረ፣ ከዚያ ያዘ። ሦስት ጊዜ አልኩት። ኑዕማን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ስጨርስ የናንተን ደንብ ነገርኳቸው። የዘፈነ ይጠራል፣ የተጠራ እምቢ አይልም፣ የሌለም ሰው ይጠራል አልኩ። ከዚያ «ፋዲላ» ብዬ ጠራሁ። ሌላ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ዝም አልን። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ከዓይነ ርግቡ ሥር ድምፅ ወጣ። ሙሽራ አትዘፍንም፤ አገር ያውቃል። አንዷ አክስቷ ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። አማል ግን ድምፅዋን ምንም ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

ቁልፉን ቢደብቁት ምን ያደርግልሃል፣
የሚሄድ ሰው ሁሉ ሲነጋ ይሄዳል።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንደ ያኔው። ኑዕማን ደብዳቤዬን አንብቦ የነገራት መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃት «እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሁልጊዜ ትዘፍነው ነበር፤ አንተ መንገድ ስትሆን» አለችኝ። እኔ ለሰው አልነገርኩም ብዬ ስኮራ፣ ፋዲላ ለልጇ ትታላት ኖራለች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻል! እልልታው ጎረቤት ቀስቅሶ አጥሩ ላይ አንጠለጠለው። እነሱ በኦሮምኛ፣ እኛ በአማርኛ፣ እስኪነጋ። ኦቦ ጫምሳ ሻይ በላይ በላይ እያስቀዳ «ይህ ቤት ሰው አለው» ሲል አደረ። ብርቱካን የሚልጥልኝ ሰው ብቻ ነው የጎደለኝ።

አማል ዘፍናለችና ጥሪው የሷ ሆነ። አንቺን ነው የጠራችው፣ አርሲ ነገሌ ድረስ ሄደሽ ትመልሺያለሽ። ስለ ሳል ደግሞ እንዳታወሪ። ለዶናልም ሰላም በይልኝ፤ ጥሪው ደርሶታል በይው።

ከፈጅር በኋላ አውቶብሱ ተነሣ። ኑዕማን በሩን ሊከፍት ሲሮጥ ያዝኩት። መቀርቀሪያውን የሳብኩላት እኔ ነኝ።

አጎትሽ አብዱናሲር